አባዬን የዳረው ድንጋይ

ከሐዋሳ ተነስቶ የዳካታን ሸለቆ ለማየት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው እስከ ድሬዳዋ በአውሮፕላን ሄዶ ከዚያ መኪና መያዝ ነው፤ ይህን የሚያደርጉ ሰዎች እንዳሉ ሰምቻለሁ። ሁለተኛው ከእናትና ከአባት ጋር በአውቶቡስ መሄድ ነው። ስለ ሁለተኛው የጻፈ ሰው ስላላጋጠመኝ እኔ ልጻፍ።

ዳካታ ከሐረር ወደ ጅጅጋ ሲሄዱ፣ ባቢሌ ከተማን አለፍ እንዳሉ የሚገኝ ደረቅና እሾሃማ ሸለቆ ነው። ቀያይ ቋጥኞች አንዱ በአንዱ ላይ ተቆልለው ይታያሉ። ከሁሉም ስም ያለው አንድ ግዙፍ ድንጋይ ነው፤ ከታቹ ባለው ቋጥኝ ጫፍ ላይ፣ መዳፍ በማታህል ቦታ ላይ ቆሟል። ያየው ሁሉ «አሁን ወደቀ፣ አሁን ወደቀ» ይላል፤ እሱ ግን አይወድቅም። አብዛኛው ሰው ይህን ድንጋይ የሚያውቀው ከካሌንደር ላይ ነው። በእኛ ቤት ግን ከካሌንደርም በፊት የታወቀ ነው፤ እናቴ አባቴን ያገባችው በዚህ ድንጋይ ምክንያት ነዋ።

አባቴ ጋሽ ሐማሶ በወጣትነቱ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። እማዬ ያኔ ቡሹሎ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ትሠራለች፣ ሁለት ሰዎችም ሽማግሌ ልከውባታል። አንዱ መምህር ነው፤ አረንጓዴ ብስክሌት አለው። ሌላው አባዬ ነው፤ የሚነዳት መኪና የሰው ናት፣ የራሱ የሆነ ነገር ይህ ታሪክ ብቻ ነው። ከጅጅጋ ጭኖ ሲመለስ ዳካታ ላይ ደራሽ ውኃ መጣበት። መኪናውን ትቶ ሮጠና ከዚያ ድንጋይ ሥር ገባ። ድንጋዩ ከላዩ ተነቃነቀ። አባዬም «ከዚህ በሕይወት ካወጣኸኝ አስቴርን አግብቼ ቤትህን አገለግላለሁ» ብሎ ተሳለ፤ ድንጋዩም ቀጥ አለ። ሽማግሌዎቹ ይህን ለእማዬ አባት ነገሩ። እግዚአብሔር ድንጋይ ይዞ ያቆመለትን ሰው ማን እምቢ ይላል? መምህሩ ከነብስክሌቱ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ አባዬ ይህን በቤተ ክርስቲያናችን የምስክርነት ሰዓት በየዓመቱ ይናገረዋል። ጥሩ ምስክርነት እያደር ይወፍራል። እኔ ልጅ እያለሁ ከድንጋዩ ሥር የገባው ብቻውን ነበር። ሃይስኩል ስገባ ረዳቱም አብሮት ገባ። ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ውስጥ ሥራ ስይዝ የመኪናው አፍንጫ ተጨመረ። በቅርቡማ ተሳቢውም ውጭ አላደረም።

ነገሩ የተበላሸው በጎ ሐሳብ ባለው ሰው ነው። ፕሮጀክተር የሚይዘው ወጣት ምስክርነቱን ላድምቀው ብሎ፣ አባዬ ተሳቢውን ወደ ድንጋዩ ሥር እያስገባ ሳለ የድንጋዩን ፎቶ ከጀርባው ግድግዳውን በሚያህል ስክሪን ላይ ለቀቀው። ጉባኤው በሙሉ አየ። ከዚያ ድንጋይ ሥር እንኳን ተሳቢ ዶሮ አትጠለልም። አባዬ ጀርባውን ሰጥቶ ስለቆመ ምንም ሳያውቅ እስከ «አሜን» ድረስ ቀጠለ። እማዬ ከፊት ወንበር ላይ ሆና ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም።

የሚቀጥለው እሑድ የባለትዳሮች ቀን ነበር፤ እነሱም መድረክ ላይ አብረው ቆመው እንዲመሰክሩ ተመርጠዋል። እማዬ ቤት እንደገባን ሻንጣ አወረደች።

«ድንጋዩን በዓይኔ ሳላይ አብሬህ መድረክ ላይ አልቆምም» አለችው። «ያልከው እውነት ካልሆነ ብቻህን ትቆማለህ። ምን ብዬ ነው የምመሰክረው? በፎቶ ብቻ የሚያውቀውን ድንጋይ አምኜ አገባሁት ልበል?»

እኔም የዓመት ፈቃድ ሞላሁ። የተወለድኩት በዚያ ድንጋይ ሰበብ እስከሆነ ድረስ ጉዳዩ እኔንም ይመለከተኛል።

ማክሰኞ

ከሰፈራችን ከአዲስ ከተማ በባጃጅ መናኸሪያ ደረስን። የአውቶቡሱን ወንበር የደለደለችው እማዬ ናት፦ እሷ መስኮት ጋ፣ እኔ መሐል፣ አባዬ ከመተላለፊያው ዳር። «እግሩን እንዲዘረጋ ብዬ ነው፣ ምሕረት» አለች ለእኔ።

ጡረታ የወጣ ሹፌርን አሳፍሮ መጓዝ ለማንም ሹፌር አልመኝም። ሻሸመኔ ሳንደርስ የአባዬ ቀኝ እግር ወለሉ ላይ ፍሬን መርገጥ ጀመረ። ሹፌሩ ሲቀድም «ምን አስቸኮለው?» ይላል፤ ሳይቀድም ሲቀር «ይኼ ሰው ተኝቷል እንዴ?» ይላል። በመሐሉ አንገቱን አስግጎ እማዬን ያያል። እማዬ መስኮቱን ታያለች። እኔ ሁለቱንም እያየሁ ብስኩት እበላለሁ።

ዝዋይ ላይ የተጠበሰ ዓሣ የያዙ ሴቶች አውቶቡሱን ከበቡት። የሐዋሳ ሰው የሌላ ሐይቅ ዓሣ ሲቀምስ ፊቱን ማየት ነው፤ የጎረቤትን ልጅ ማርክ እንደሰማ ወላጅ ይሆናል። አባዬ ትንሽ ቆረሰና «ጭቃ ጭቃ ይላል፤ የእኛን የመሰለ የት ይገኛል» አለ። እማዬ እስከዚያ ድረስ ዓሣውን አልነካችውም ነበር። ይህን እንደሰማች ሙሉውን ከእጁ ተቀብላ እሾሁን እየለቀመች በልታ ጨረሰችው።

«ግሩም ዓሣ ነው» አለችኝ። «ዕድሜውን ሙሉ ሲያወራ ምላሱ ደንዝዞ ነው እንጂ።»

አዳማ ስንደርስ ሙቀቱ ከአውቶቡሱ በር ላይ ተቀበለን። እኛ ከሐይቁ የሚመጣውን ነፋስ የመንግሥት አገልግሎት ይመስል እንደ መብታችን ለምደነዋል፤ አዳማ ላይ ነፋስ የሚገኘው ከቬንትሌተር ነው። እማዬ የመጀመሪያውን ሆቴል ከታች ባር ስላለበት አልወደደችውም፣ ሁለተኛውን ባሩ አጠገቡ ስለሆነ አልወደደችውም፣ ሦስተኛው ላይ እግሯ ስላበጠ ባሩን ሳታይ ገባች። እንግዳ ተቀባዩ ትሑት ወጣት ነው፤ «ለባልና ሚስት የሚሆን ጥሩ ክፍል አለን» አለ።

«እሱ እስከ እሑድ አልተወሰነም» አለችው እማዬ። «ባለ ሁለት አልጋ ስጠን።»

እሷና እኔ በአንዱ አልጋ፣ አባዬ በሌላው ላይ ተንሰራፍቶ አደርን። ቬንትሌተሩ የሚዞረው ወደ እሱ ብቻ ነበር። ጠዋት ላይ ይህንንም ከጥፋቱ ጋር ደመረችበት።

ረቡዕ

የአዳማና የሐረር መንገድ ረጅም ነው፤ ውኃ፣ ትራስና ትዕግሥት ያዙ። መተሐራ አካባቢ እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ተበትኗል። እማዬ እዚያ ጀመረች።

«ሐማሶ፣ ይኼኛው ነው?»

«ገና ነን፣ አስቴር።»

«እንዳያመልጠን ብዬ ነው።»

ከዚያ በኋላ ሐረር እስክንደርስ ያለፍነውን ድንጋይ ሁሉ ጠየቀችው። ሐረርጌ ደግሞ በድንጋይ አይታማም። ከፊታችን የተቀመጡት ተሳፋሪዎች አባዬን የማዕድን ባለሙያ አድርገው ሳይወስዱት አልቀሩም፤ አንዱ ዞር ብሎ እርሻው ላይ ስላገኘው አብረቅራቂ ነገር አማከረው። አባዬም መከረው።

አሰበ ተፈሪ ለምሳ ወረድን። አባዬ ከአዋሽ ጀምሮ «በዚህ መንገድ የማያውቀኝ ሰው የለም» ሲል ነበር። ዘበኛውን አቅፎ ሳመ፤ ዘበኛው ሳይገባው ሳመው። ጎማ የሚጠግን ሽማግሌ ጋ ሄዶ ትከሻውን መታው፤ ሽማግሌው ኪሱን ዳበሰ። እማዬ ይህን ሁሉ እየተመለከተች ምግብ ቤት ውስጥ ወንበር ስባ ተቀመጠች። የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ዘይነባ ይባላሉ፤ ዕድሜያቸው የገፋ ግን ወገባቸው ቀጥ ያለ ሴት ናቸው። አባዬን ከበሩ ላይ አይተው ትሪውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ።

«አቦ! አንተ ደመና አይደለህም እንዴ?»

በሐረርጌ አነጋገር አንቱታ ብዙ ቦታ የለውም። ሐዋሳ ላይ የባጃጅ ሹፌሩ ሁሉ «እርስዎ» የሚለው አባቴ ባንዴ ወጣት ሆነ፣ ደግሞም ቀላ።

«ሹፌሮቹ ያወጡለት ስም ነው» አሉን ወይዘሮ ዘይነባ። «ሰማይ ላይ ደመና ካየ መኪናውን አቁሞ እዚች ጥግ ይቀመጣል። ሌሎቹ ድሬ ደርሰው ሲመለሱ እሱ ገና በመስኮት ሰማይ ያያል። አሠሪው ስንት ጊዜ ተቆጣው! ቅንጣት ዝናብ ካለች አይነዳም ነበር።»

እማዬ ጉርሻዋን መሐል መንገድ ላይ አቆመች። «ሁልጊዜ እንዲህ ነበር?»

«ኧረ! መጀመሪያማ እንደ ሰው ይነዳ ነበር። አንድ ቀን ከጅጅጋ በኩል ጭቃ ለብሶ፣ ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ መጣ። ሻይ ብሰጠው ግማሹን ደፋው። ከዚያ ወዲህ ነው ደመና የሆነው።»

አባዬ «ጥንቃቄ ነው» አለ ወደ ሳህኑ። ያ ቀን ተነስቶ አባዬ ምንም ሳይጨምርበት ሲቀር ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ወይዘሮ ዘይነባ ሂሳብ አንቀበልም አሉ፤ ይባስ ብለው ለመንገድ ብለው ፓፓያ በፌስታል አስያዙን። አውቶቡሱ ውስጥ እማዬ ፓፓያውን ጭኗ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች።

«ስለ ድንጋይ ግን ምንም አላሉም» አለች መጨረሻ ላይ።

ተራራውን እየተጠማዘዝን ወጥተን፣ ቁልቢን አልፈን ሐረማያ ስንደርስ እማዬ ሐይቁን ፈለገች። ስሙን ከትምህርት ቤት ጀምሮ ታውቀዋለች። ከኋላችን የነበረ ተሳፋሪ ሐይቁ ደርቆ እንደነበረ፣ አሁን ውኃው በከፊል እየተመለሰ እንደሆነ አስረዳን። ለእኛ ይህ እንደ ተራ ወሬ የሚሰማ ነገር አይደለም። ሐዋሳ ላይ ሐይቁ መኖሩን ማንም አይጠይቅም፤ ጠዋት በር ስትከፍት ይሸታል፣ በቃ። እማዬ ከእኔ በላይ አሻግራ አባዬን አየችው።

«የእኛም እንዲህ ይሆን ይሆን?»

«እግዚአብሔር አያድርገው» አለ አባዬ፤ እሷም «አሜን» አለች። ለጥቂት ጊዜ ሁለቱም ድንጋዩን ረሱት፤ እኔም ደስ አለኝ።

ሐረር ያረፍነው እንግዳ በሚያሳድር የሐረሪ ቤት ነው። ስለ ጅቦቹ ሌሎች ብዙ ስለጻፉ እተወዋለሁ፤ እኔን የገረመኝ መደቡ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ከፍና ዝቅ ያሉ ምንጣፍ የለበሱ መደቦች አሉ፣ ግድግዳው ሙሉ በሙሉ በሰፌድና በሳህን ተሸፍኗል። የቤቱ እመቤት በድሮ ጊዜ ሰው እንደ ማዕረጉ እንደሚቀመጥ ነገረችን፤ ትልቁ መደብ የአባወራው፣ በሩ አጠገብ ያለው ዝቅተኛው ደግሞ የተማሪና የጭፍራ። እማዬ በጥሞና አዳምጣ ትልቁ ላይ ወጣችና እግሯን አጣጥፋ ተቀመጠች።

«ሐማሶ፣ የአንተ እዚያ በሩ ጋ ነው» አለች።

አባዬ ሄዶ ተቀመጠ። የቤቱ እመቤት ሳቋን በእጇ ሸፍና ወጣች፤ ስትመለስ ሳምቡሳ ይዛ መጥታ መጀመሪያ በሩ ጋ ለተቀመጠው አቀረበች። አንዳንድ ሰው ደግነት ያውቅበታል።

ሐሙስ

ከሐረር ባቢሌ ሚኒባስ ሞልቷል፤ መንገዱም አስፋልት ነው። እየወረዱ ሲሄዱ አረንጓዴው ያልቅና ቁልቋል፣ ግራርና ቀይ ኩይሳ ይጀምራል። እኛ የሄድንበት ቀን የግመል ገበያ ነበር። ሐዋሳ ላይ መንገድ የሚዘጋብን አባ ኮዳ የሚባለው ራሰ በራ ትልቅ ወፍ ነው፤ ሥጋ ቤት ፊት ለፊት ቆሞ አላሳልፍ ይላል። ባቢሌ ላይ ግመል ነው፤ ንቀቱ ግን ያው ነው። እማዬ በባቢሌ ኦቾሎኒ ቦርሳዋን ሞላች። የባቢሌ ኦቾሎኒ ዝነኛ ነው፤ ዝናው እውነት የሆነ ነገር በማግኘቷ ደስ ብሏት ይህንኑ ጮክ ብላ ተናገረች።

ከከተማው እስከ ሸለቆው ያደረሰን ባለ ባጃጅ አብዲ ይባላል። ጢሙን በሂና ያቀላ ጎልማሳ ነው። ባጃጅ ስላየን ብቻ አገራችን የገባን መሰለን። አባዬ የመጣንበትን ሊያስረዳው ሞከረ።

«ድንጋይ?» አለ አብዲ። «ድንጋይማ ሞልቷል! የትኛውን ትፈልጋለህ?»

ሸለቆው ውስጥ ገባን። ፎቶው ሙቀቱንና ጸጥታውን አያሳይም። ቋጥኞቹ አንድ ሰው ቆልሏቸው መጣሁ ብሎ የሄደ ይመስላሉ። ዋናው ድንጋይ ጋ ስንደርስ አብዲ ባጃጁን አቁሞ በአገጩ አሳየን። እውነትም ያስፈራል፤ እንዳይወድቅ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው ያወራሁት። የተቀመጠበት ቋጥኝ ብቻውን ከእኛ ቁመት በላይ ነው፤ ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ እንሽላሊት ተኝታለች፣ እሷም ጅራቷ ውጭ ተርፏል።

እማዬ ድንጋዩን አንድ ጊዜ አየችው። ከዚያ ጃንጥላዋን ዘርግታ አባዬን ማየት ጀመረች።

«ተሳቢውን በየት በኩል አስገባኸው?»

አባዬ ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። «ይኼ አይደለም» አለ። «ሌላ ነው። ከዚህ ትንሽ ወረድ ይላል።»

አብዲ የእንግዳን ልብ መስበር የማይወድ ሰው ነው። ወደሚቀጥለው ቋጥኝ ወሰደንና «ይኼ ነው! ሹፌሮች ሁሉ የሚጠለሉት እዚህ ነው» አለ። አባዬ ገብቶ አየ፤ አይደለም። ወደ ሌላው ሄድን፤ አብዲ ያንኑ ቃል በዚያው ሙቀት ደገመው። አባዬ ጎንበስ አለ፣ ተንበረከከ፣ ዳበሰ፤ አይደለም። ሰውየው ፀሐይ ላይ ከድንጋይ ድንጋይ ሲሮጥ ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣበቀ። መንገድ ዳር ዳስ ሠርታ ሻይ የምትሸጥ ኸዲጃ የምትባል ሴት ለእማዬ ምንጣፍ አነጠፈችላት። እማዬ እዚያ ተቀምጣ ኦቾሎኒ እየፈለፈለች ትመለከታለች።

«የመምህሩ ብስክሌት ደወል ነበረው» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

ያኔ አባቴ አሳዘነኝ። እስከዚያ ድረስ ስስቅ ነበር፤ አልዋሽም። ግን በዚህ ዕድሜው በአራት እግሩ ሲድህ ሳይ፣ ባይገኝስ ብዬ ፈራሁ። እማዬ ያለችውን ታደርጋለች። እሑድ ዕለት ያን መድረክ ብቻውን ሲወጣ፣ ጎኑ ባዶ ሆኖ ሕዝቡ ሲያየው ታየኝ። «በቃህ፣ ውኃ ጠጣ» ልለው ስነሳ ከዓይኔ ተሰወረ።

ድምፁን የሰማነው ከአንድ ደረቅ ወንዝ በኩል ነው። «አገኘሁት! ይኼ ነው!» ሮጥን። ከዋናው ድንጋይ ራቅ ብሎ፣ ማንም ፎቶ የማያነሳው፣ እንደ አልጋ ዝቅ ያለ ዝርግ ድንጋይ አለ፤ ፍየሎች ይጠለሉበታል፣ ለዚህም በቂ ማስረጃ ትተዋል። ከሥሩ የአባዬ ወገብና ሁለት እግሮች ይታያሉ። የቀረው አባዬ ውስጥ ነው።

«ጎበዝ፣ አየነው፤ አሁን ና» አልኩት።

«ምሕረት» አለ ቆይቶ፣ ድምፁ ታፍኖ። «መውጣት አቃተኝ።»

አብዲ ጎንበስ ብሎ ሁኔታውን መረመረ። «አቦ፣ ያኔ ቀጭን ነበር» አለ።

እማዬ ደረሰች። ጃንጥላዋን አጥፋ፣ ከእግሮቹ አጠገብ ተንበረከከች። ከልጅነቴ ጀምሮ አባዬ ሲዋሽ የሚያስይዘው ፊቱ ነው፤ አሁን ፊቱ የለም። የምታናግረው ጫማውን ነበር።

«ሐማሶ።»

«አቤት።»

«ይኼ ነው?»

«ይኼ ነው። ጥጉ ጋ ለእጅ የሚሆን ጎድጓዳ አለው፤ እጄን ስሰድ አወቅሁት። ይዤው ነበር ያደርኩት።»

«ትልቁስ ድንጋይ?»

«ትልቁ ከመንገድ ይታያል» አለ። «ሽማግሌዎቹ 'የትኛው ድንጋይ?' ሲሉኝ የሚያውቁትን አልኳቸው። ይኼንን ማን ያውቀዋል? ስም እንኳ የለውም። መምህሩ ብስክሌት ነበረው፣ አስቴር።»

«ተነቃነቀ ያልከውስ?»

«የተነቃነቅሁት እኔ ነኝ።»

እማዬ ከመሬት ላይ ጠጠር አንስታ ጣለች። የምትጠይቀው አንድ ነገር እንደቀራት ሁላችንም አውቀናል፤ አብዲ እንኳ ቁልፉን ማንቃጨል አቆመ።

«ስሜን ጠርተህ ነበር?»

«ጠርቻለሁ።»

«እንዴት ብለህ?»

«በሲዳምኛ ነው የጸለይኩት። 'ማገኖ፣ አምላኬ፣ መኪናው የሰው ነው፣ አደራህን' አልኩ። ቀጥዬ 'እናቴን አደራህን' አልኩ። ከዚያ አንቺን።»

«ሦስተኛ?»

«ሦስተኛ።»

አለቀልን አልኩ። እዚህ ድረስ መጥቶ፣ ግማሽ አካሉ ድንጋይ ሥር ሆኖ፣ ሰው አንድ ጊዜ እንኳ ይዋሻል እንጂ! አብዲ ፊቱን ወደ ሰማይ አዞረ። እማዬ ግን ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የምታለቅስ መስሎኝ ቀረብ ስል እየሳቀች ነው፤ ሳቋ ሸለቆው ውስጥ ሄዶ ተመለሰ።

«እውነቱን ነው» አለችኝ ዓይኗን እየጠረገች። «ውሸት ቢሆን ኖሮ እኔን ያስቀድም ነበር።»

ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ አንዱን እግር ያዘች፣ አብዲ ሌላውን። እኔ ፎቶ አነሳሁ፤ ልጅነት የማይሠራው ነገር የለም። አባዬ በሦስተኛው ጉተታ ወጣ፣ ሁለት የሸሚዝ ቁልፎቹ ግን እዚያው ቀሩ። ጢሙ ላይ የፍየል ነገር አለ። እማዬ በሻርፗ ፊቱን ጠረገችለት፤ ማንም ሳያያት እንደምትጠርገው ሁሉ ቀስ ብላ፣ ጆሮው ጀርባ ድረስ። ኸዲጃ በግመል ወተት የፈላ ሻይ አመጣች። አባዬ ግመል ወተት አልጠጣም አለ፤ እማዬ አየችው፤ ጠጣ።

ወደ ባጃጁ ስንመለስ አብዲ ዝርጉን ድንጋይ ዞር ብሎ አየው። «ከዛሬ ጀምሮ ለሰው ሁሉ ይኼንንም አሳያለሁ» አለ። ስለዚህ ዳካታ ሄዳችሁ አንድ ባለ ቀይ ጢም ሰው ፍየል ማደሪያ ፊት አቁሞ ስለ አንድ ሹፌርና ስለ ደራሽ ውኃ ቢነግራችሁ፣ ግማሹን እመኑት።

ዓርብና ቅዳሜ

መመለሻው ያው መንገድ ነው፤ የተለወጠው ወንበሩ ብቻ ነው። እማዬ አባዬን መስኮት ጋ አስቀምጣ እሷ ከጎኑ ሆነች፤ እኔ ከኋላ፣ ዶሮ ከያዘች ሴት ጋር። አሰበ ተፈሪ ላይ ወይዘሮ ዘይነባ ዘንድ ገብተን የባቢሌ ኦቾሎኒ ሰጠናቸው። መተሐራ ላይ እማዬ አንድ ጥቁር ድንጋይ አየችና «ሐማሶ፣ ይኼኛውስ?» አለች፤ ሁለቱም እስኪያስላቸው ሳቁ። ዝዋይ ላይ አባዬ ዓሣውን በልቶ «ጥሩ ነው» አለ። እማዬ ቀምሳ «ጭቃ ጭቃ ይላል» አለች።

ለሚሄድ ሰው ምክሬ አጭር ነው። ለውሎ የሚበቃ ውኃ፣ ባርኔጣና ጠንካራ ጫማ ያዙ። ዋናው ድንጋይ ሥር አትቁሙ። ዝርጉ ድንጋይ ሥር ከሰው ጋር ካልሆናችሁ አትግቡ፤ ያውም እግራችሁን ከልቡ የሚጎትት ሰው ሲኖር ነው።

እሑድ

ፕሮጀክተር የሚይዘው ወጣት ከበሩ ላይ ጠበቀኝ። ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልተኛም መሰለኝ፤ ዓይኑ ገብቷል። «እህት ምሕረት፣ አዲስ ፎቶ አለሽ?» አለኝ። ስልኬ ውስጥ ሁለት እግሮችና የእናቴ ጀርባ አሉ። የለኝም አልኩት፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

የባለትዳሮቹ ተራ ደረሰ። አባዬ ስሙ ሲጠራ ተነሳና መድረኩን አየ፣ ከዚያ እማዬን። እማዬ ቦርሳዋን ለእኔ ሰጥታ ክንዱን ያዘች። አብረው ወጡ። ማይኩን አባዬ ለመቀበል እጁን ዘረጋ፤ እማዬ ቀደመችው።

«ባለፈው እሑድ እዚህ ስክሪን ላይ አንድ ድንጋይ አይታችኋል» አለች። ወጣቱ ፕሮጀክተሩ ጀርባ ዝቅ ሲል አየሁት። «እኔ ሄጄ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ልክ እንዳያችሁት ነው፣ እስከ ዛሬም አልወደቀም። ሐማሶ ደግሞ ድንጋይ ሥር ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ። ገብቶ መውጣት አቅቶት ነበር። ስሜን መጥራቱን ከራሱ አፍ ሰምቻለሁ። እግሩን ይዤ ያወጣሁትም እኔ ነኝ።»

ጉባኤው በሃሌሉያ ተናወጠ። ፓስተሩ ከወንበሩ ተነስቶ «እህቶች፣ ሰማችሁ? ባሎቻችሁን እንዲህ ነው ከጨለማ ጎትታችሁ የምታወጡት!» አለ፤ ሴቶቹ እልል አሉ፣ ወንዶቹ ጫማቸውን አዩ። አንድ ቃል ውሸት እንደሌለበት በዚያ አዳራሽ ውስጥ የምናውቀው ሦስት ሰዎች ብቻ ነን።

እልልታው ሲበርድ አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ። ለዓመታት የለመደው ነው፤ ዓይኑ በርቶ፣ እጁ እንደገና ወደ ማይኩ ሄደ። እማዬ ማይኩን ወደ ሌላ እጇ አዛወረችው። መዝጋቱን ግን ስለረሳችው የነገረችውን ሁላችንም ሰማን።

«ተው፣ አንተ ከመኪናው ትጀምራለህ።»